የተፈረደለት ሠራተኛ ገንዘቡን መቼ ይቀበል?

የአገራችን ሰው ለፍርድ ያለው ክብር ከጥንት የመጣ ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረት በጎጃም ገበሬም በአዲስ አበባ ነጋዴም አፍ ዘወትር ይሰማል። ሰው በዳኛ ፊት ቀርቦ ተከራክሮ ከተረታ በቅሎውን ያህል ሀብት ቢያጣ እንኳ ይችለዋል፤ ያለ ዳኝነት የተነጠቀችው ቁራሽ ግን ታንገበግበዋለች ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ተረት የፈጠሩት አባቶቻችን አንድ ነገር የጠረጠሩ አይመስለንም። ይኸውም ለረቺው የተፈረደች በቅሎ ከተረቺው በረት ሳትወጣ ዓመት ሁለት ዓመት ልትከርም ትችላለች የሚለውን ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው። አሠሪው ያለ አግባብ ያሰናበተው ወይም ደመወዙን ያስቀረበት ሠራተኛ ከሶ፥ ተከራክሮ፥ ከተፈረደለት በኋላ ገንዘቡን በእጁ እስኪጨብጥ ድረስ የሚጠብቀው መንገድ ረዥምና አድካሚ ነው። ተማሪዎችና ገና ወደ መንግሥት ሥራ የገባን ወጣቶች ልናስብበት ይገባል። ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ካልተፈጸመ ዳኛው የደከመበት፥ ምስክሩ ሥራውን ፈትቶ የመጣበት፥ መንግሥትም ገንዘብ ያወጣበት ያ ሁሉ ድካም ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ለነገሩ መነሻ እንዲሆነን የምዕራብ ጎጃምን አገር እንመልከት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደምበጫን አልፎ የዞኑን ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላምን ያገኛል፤ ከዚያም ጥቂት እንደ ተጓዘ ቡሬ ይደርሳል። ከቡሬ አንደኛው መንገድ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል፥ ሌላው ወደ ደቡብ ታጥፎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወስዳል። አገሩ ለም ነው። በቆሎውና ስንዴው፥ ይልቁንም የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ፥ በየገበያው የታወቀ ነው። በብር ሸለቆም ሰፋፊ እርሻዎች አሉ። በቡሬ የተቋቋመው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ከእነዚህም ጋር ሆቴሉ፥ ወፍጮ ቤቱ፥ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤቱ፥ የግል ትምህርት ቤቱ፥ የሕንፃና የመንገድ ሥራ ተቋራጩ በየከተማው ሠራተኛ ይቀጥራሉ።

እንዲህ ሆኖ ከእርሻ በቀር ሌላ እንጀራ ብዙም ያላወቀው አገር ደመወዝተኛ አበጀ። ከወምበርማ፥ ከቋሪት፥ ከሰከላ ወይም ከደጋ ዳሞት የአባቱ መሬት ለወንድማማች ተከፋፍሎ ያነሰበት ወጣት ወደ ከተማ ይወርዳል፤ አንዱ ለእርሻ ወቅት፥ ሌላው ለግንባታ፥ ሌላው ለዘበኝነት ይቀጠራል። ከእነዚህ ብዙዎቹን የሚቀጥራቸው ባለቤቱ ራሱ ሳይሆን ካቦው ነው። ካቦው ስማቸውን በደብተሩ ይጽፋል፤ ደመወዙንም ከእጁ ይቀበላሉ። የቅጥር ደብዳቤ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የሚሰጠውም ከዚያ ያነሰ ነው። ሁሉም ነገር በደኅና በሚሄድበት ጊዜ ይህ እንደ ጉድለት አይታይም። ጉድለቱ የሚታወቀው ሥራው የቆመ ወይም ጠብ የተነሣ ዕለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ከሆነች እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል በሰፊው ደንግጓል። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት በሕግ መሠረት ላይ አቆመ። ከዚያ ወዲህ በ1968፥ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. አዋጆች ተተካክተው፥ አሁን የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በመጽሐፍ የተጻፈውን ብቻ ለሚያነብ ሰው ይህ አዋጅ ለሠራተኛው ብዙ የሚያስብ ነው። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ ከሆነ አሠሪው ዋና ዋና ቃሎቹን በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ውሉ ሲቋረጥ ደመወዝና ሌላው ክፍያ በ7 የሥራ ቀኖች ውስጥ እንዲከፈል ይደነግጋል። ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይችላል። የሥራ ክርክርን የሚያይ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱ በቀረበለት በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ እንዲሰጥ፥ ቅር የተሰኘውም ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል ተወስኗል። ሠራተኛው ለክሱ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ከሁሉም በላይ፥ ከሥራ ግንኙነት የመነጨ የሠራተኛ ገንዘብ ከሌላ ዕዳ ሁሉ ቀድሞ እንዲከፈል አዋጁ በግልጽ ተናግሯል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። በወር 3,000 ብር፥ ማለት በቀን 100 ብር፥ እየተከፈለው 4 ዓመት የሠራ አንድ ዘበኛ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ተሰናበተ እንበል። ወደ ሥራው የማይመለስ ከሆነ በሕጉ የሚገባው ካሣ የ180 ቀን ደመወዝ፥ ማለት 18,000 ብር ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ስለ ሆነ 6,000 ብር ይታሰብለታል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር፥ ለቀሩት 3 ዓመታት ደግሞ ለእያንዳንዱ የዚያ ሲሶ፥ ማለት 1,000 ብር እየተጨመረ 6,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 30,000 ብር ነው። ዳኛው ስለ መዘግየቱ የ3 ወሩን ደመወዝ ቢጨምሩለት 39,000 ብር ይደርሳል። ለባለ ፋብሪካው ይህ ገንዘብ የአንድ ጭነት ዋጋ ላይሆን ይችላል፤ ለዘበኛው ግን ልጆቹን የሚያስተምርበት፥ ወይም አንዲት አነስተኛ ንግድ የሚጀምርበት ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ወጣ እንበል። ሕግ ያልተማረ ሰው ፍርዱ ከተነበበ ገንዘቡ በማግስቱ የሚመጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እዚህ ላይ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሠራተኛው የፍርዱን ግልባጭ አውጥቶ የአፈጻጸም ማመልከቻ ማቅረብ አለበት፤ አዲስ መዝገብ ይከፈታል። ለባለዕዳው መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያውን የሚቀበል አይገኝም፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው ይባላል፤ ሥራ አስኪያጁ ሥልጣን የለኝም ይላል። ባለዕዳው በመጨረሻ ሲቀርብ ጥቂት ጊዜ እንዲሰጠው ይለምናል፤ የተሰጠውም ቀጠሮ ሲደርስ ይግባኝ ጠይቄአለሁና አፈጻጸሙ ይታገድልኝ ይላል። እግዱ ሲነሣ ደግሞ ለሠራተኛው «የባለዕዳውን ንብረት አፈላልገህ አቅርብ» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል።

ይህችን አንድ ቃል ቆም ብለን እንመልከታት። የባለዕዳውን ንብረት የሚያፈላልገው ማነው? ትናንት በር ላይ ይቆም የነበረው ዘበኛ ነው። የአሠሪው ገንዘብ በየትኛው ባንክ እንዳለ፥ መኪናው በማን ስም እንደ ተመዘገበ፥ ቤቱ በመያዣ ተይዞ እንደ ሆነ እርሱ ከየት ያውቃል? ፍርድ ቤቱ ለማዘጋጃ ቤት፥ ለመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፥ ለባንክ ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ደብዳቤውን ይዞ የሚዞረው ግን ራሱ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት «ነገ ና» ሲለው ከወምበርማ ገጠር ለሚመጣ ሰው ያ «ነገ» የመኪና ኪራይ፥ የማደሪያ ገንዘብና የቀን ሥራ መፍታት ማለት ነው። ቢሳካለትና ንብረት ቢገኝ ግምት አለ፤ የሐራጅ ማስታወቂያ አለ፤ ሐራጅ አለ፤ ተጫራች ካልቀረበም ሁለተኛ ሐራጅ አለ።

በግንባታ ሥራ ላይ ደግሞ ችግሩ የባሰ ይሆናል። ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ መሣሪያውን ጭኖ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ከሄደ በኋላ በፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት የተሰጠ ፍርድ ሌላ ቦታ ባለ ፍርድ ቤት በኩል እንዲፈጸም መላክ አለበት። ንኡስ ተቋራጩ «አሠሪው ዋናው ነው» ይላል፤ ዋናው «እኔ ይህን ሰው አላውቀውም» ይላል። አንዳንዱም የቀድሞውን ድርጅት ዘግቶ በሚስቱ ወይም በወንድሙ ስም አዲስ ድርጅት ያቆማል። ያው ግቢ፥ ያው መሣሪያ፥ ያው ካቦ ነው፤ የተለወጠው በበሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ጊዜ ራሱ የባለዕዳው ወዳጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ዓመት 39,000 ብር የተፈረደለት ያ ዘበኛ ገንዘቡን ከ12 ወር በኋላ ቢቀበል፥ በፍርዱ ቀን በ30,000 ብር ይገዛው የነበረውን ያህል ብቻ ነው የሚገዛበት። እንግዲህ ዳኛው ስለ መዘግየቱ የጨመሩለት 9,000 ብር በአንድ ዓመት መዘግየት ተበልቶ አለቀ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ዋናው መብላት ይጀምራል። ስለዚህ ፍርድን ማዘግየት ለአሠሪው ያለ ወለድ እንደ መበደር ያለ ትርፍ አለው፤ አበዳሪው ደግሞ በዚያ አገር ካሉት ሁሉ ድኻው ሰው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የጦር ግጭት የፍርድ ቤቶችን ሥራ ማሰናከሉንም ሳንጠቅስ አናልፍም። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ያልፋል፤ ድርጅት ሲቆም ሠራተኛ ይበተናል። ሆኖም የፍርድ አፈጻጸም ችግር ከግጭቱ በፊት የነበረ ስለ ሆነ ሁሉን በእርሱ ማሳበብ አይገባም።

ሌላው ባለገንዘብ ዕዳውን እንዴት እንደሚቀበል ብናይ ልዩነቱ ይገለጥልናል። የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግብር ያልከፈለውን ነጋዴ ሀብት ፍርድ ቤት ሳይሄድ ለመያዝ፥ በባንክ ያለውንም ገንዘብ ለመውሰድ ሥልጣን አለው። ባንክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በመያዣ የያዘውን ቤት ወይም መኪና ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። እኛ ይህን አንቃወምም፤ መንግሥት ያለ ግብር፥ ባንክም ያለ መያዣ ሊሠሩ አይችሉም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ያለ ዳኛ ፍርድ የሚያገኙትን ዕዳ፥ የዳኛ ፍርድ በእጁ የያዘው ሠራተኛ ለምን ሊያገኘው አቃተው? ሕጉ የሠራተኛው ገንዘብ ከሁሉ ይቀድማል ይላል፤ በሥራ ላይ ግን የሚቀድመው ፈጥኖ የደረሰ ነው። ሠራተኛው ደብዳቤ ይዞ ሲዞር ሌላው ንብረቱን ቀድሞ ይይዘዋል።

በቀድሞው ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ ቁራኛ ይሆኑ ነበር። ዋስ እስኪጠራ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ሁለቱ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው አብረው ይውሉ፥ አብረው ያድሩ ነበር። ሥርዓቱ ጨካኝ ነበርና ይመለስ የሚል የለም። ግን አንድ እውነት ነበረበት፤ የመቆራኘቱ ችግር ለሁለቱም እኩል ስለ ነበረ ባለዕዳው ነገሩን ለመጨረስ ይቸኩል ነበር። ዛሬ ባለዕዳው ተፈትቷል፤ ከመዝገቡ ጋር ቁራኛ ሆኖ የቀረው ሠራተኛው ብቻ ነው።

ሃይማኖቶቻችንም በዚህ ነገር ዝም አላሉም። ኦሪት የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው፥ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ታዛለች። በእስልምናም ዘንድ የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈለው የታወቀ ትምህርት ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ መክፈል ብቻ ሳይሆን ስለ ጊዜም ነው። ደመወዝ ከቀኑ ያለፈ እንደ ሆነ መልኩ ይለወጣልና።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 መንግሥት ያስጠናው ጥናት እንደሚያሳየው የሥራ ጉዳይ ዳኞች ከፈረዱላቸው ሠራተኞች መካከል ገንዘባቸውን በሙሉ ያገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ሲሶ የሚሆኑት ምንም አላገኙም። ዳኝነቱ የጠነከረ በሚባልበት አገር እንዲህ ከሆነ፥ ፍርድ በራሱ እግር እንደማይሄድ እንረዳለን። የብሪታንያ መንግሥትም ከዚያ በኋላ የተፈረደበትን በማይከፍል አሠሪ ላይ መቀጫ መጣል ጀመረ። በብራዚል ደግሞ የሥራ ጉዳይ ዳኛው ከማዕከላዊው ባንክ ጋር በተገናኘ የኮምፒዩተር ዘዴ የባለዕዳውን የባንክ ገንዘብ በቀጥታ እንዲታገድ ያዛል፤ ሠራተኛው ደብዳቤ ይዞ ከባንክ ባንክ አይዞርም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግም አንድ ድርጅት በመንግሥት ጨረታ ለመወዳደር የሠራተኛ ፍርድ ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የከሠረ አሠሪ ሠራተኞች የመጨረሻዎቹን 3 ወራት ደመወዝ ከአንድ የመድን ገንዘብ እንዲያገኙ አድርጋለች። ለዚያም ገንዘብ የሚያዋጡት አሠሪዎቹ ናቸው።

ከእነዚህ ምን እንማር? ሁሉን እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ ነገር ግን ለእኛ አገር የሚስማሙ፥ ብዙ ገንዘብም የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ የሠራተኛ ፍርድ ሲሰጥ ዳኛው የመክፈያውን ቀን በዚያው በፍርዱ ላይ ቢወስኑና ቀኑ ካለፈ አፈጻጸሙ በዚያው መዝገብ ቢቀጥል፥ አዲስ መዝገብ የመክፈቱ ድካም ይቀራል።

ሁለተኛ፥ ንብረት የማፈላለጉ ሸክም ከሠራተኛው ትከሻ ይውረድ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለዕዳው ራሱ ቀርቦ ስለ ንብረቱ እንዲመረመር ለፍርድ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል። እየቻለ አልከፍልም ያለውንም እስከ ማሰር የሚያደርስ ሥልጣን አለ። አዲስ አዋጅ ሳንጠብቅ በእጃችን ባለው ሕግ ብንሠራበት ብዙ ነገር ይቀላል። ባንኮችም ሆኑ ማዘጋጃ ቤቶች ለፍርድ ቤት ጥያቄ የሚመልሱበት ቀን ተወስኖ፥ መልሱ በሠራተኛው እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለፍርድ ቤቱ ይድረስ።

ሦስተኛ፥ እግድ በነፃ አይሰጥ። ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን አፈጻጸምን እንደማያቆም ያው የሥነ ሥርዓት ሕግ ይናገራል፤ ፍርድ ቤቱም እግድ ሲሰጥ ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል። በሠራተኛ ጉዳይ ዋስትናው የተፈረደው ገንዘብ በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ ማድረግ ቢሆን፥ ለማዘግየት ብቻ ይግባኝ የሚለው ይቀንሳል፤ እውነተኛ ቅሬታ ያለውም አይጎዳም፤ ቢረታ ገንዘቡ በዚያው ይመለስለታልና።

አራተኛ፥ የንግድ ፈቃዱን የሚያድስ ነጋዴ፥ በመንግሥት ጨረታም የሚወዳደር ተቋራጭ ግብር መክፈሉን የሚያስረዳ ወረቀት እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ከዚያ ጎን የመጨረሻ ፍርድ አግኝቶ ያልተከፈለ የሠራተኛ ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ቢጨመር ምን ይከብዳል? መንገድ ወይም ትምህርት ቤት የሚያሠራው መሥሪያ ቤትም ለተቋራጩ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቁ በፊት በአካባቢው ፍርድ ቤት ያልተፈጸመ የሠራተኛ ፍርድ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ።

አምስተኛ፥ ፍርድ ቤቶች በየዓመቱ መጨረሻ ስንት መዝገብ እንደ ዘጉ ይነግሩናል። ደግ ነው። ከዚያ ጋር ስንቱ ፍርድ እንደ ተፈጸመና ስንቱ ሠራተኛ ገንዘቡን በእጁ እንደ ተቀበለ ቢነግሩን ደግሞ የሥራቸውን እውነተኛ ፍሬ እናውቅ ነበር።

በዚህ አሳብ ላይ የሚቀርብ መቃወሚያ እንዳለ እናውቃለን። አንዳንዱ «አሠሪውን እንዲህ ካስጨነቃችሁት ድርጅቱን ይዘጋል፤ ሌሎቹም ሠራተኞች እንጀራቸውን ያጣሉ» ይላል። ይህ ቃል እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። በፍኖተ ሰላም አንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት ያላት ሴት፥ ገበያ ቀዝቅዞባት ያሰናበተቻትን አስተናጋጅ ዕዳ በአንድ ቀን ክፈይ ብትባል ምጣዷንና ወንበሯን መሸጥ ሊኖርባት ነው። ለእንዲህ ያለችው ሴት በየወሩ እየከፈለች እንድትጨርስ መፍቀድ ርኅራኄም ብልኅነትም ነው። ሕጉም ቢሆን የባለዕዳውን የዕለት ጉርስና መተዳደሪያ መሣሪያ ከመያዝ ያድናል። ነገር ግን መክፈል ያልቻለና መክፈል ያልፈለገ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አዲስ የጭነት መኪና እየገዛ «ገንዘብ የለኝም» የሚለውን ባለ ድርጅት ከዚህች ሴት ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ደግሞ ንብረቱ ሲመረመር ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ለቅን ባለዕዳም ጥቅም አለው።

ደግሞም የሚጎዳው ሠራተኛው ብቻ እንዳልሆነ እናስተውል። በቡሬ ሁለት ወፍጮ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ እንበል። አንደኛው ለሠራተኛው በወቅቱ ይከፍላል፤ ሲያሰናብትም የሕጉን ያሟላል። ሁለተኛው አይከፍልም፥ ቢፈረድበትም አይፈጽምም። የሁለተኛው ወጪ አነስተኛ ስለሚሆን ዋጋውን ቀንሶ ገበያውን ይወስዳል። እንግዲህ ያልተፈጸመ ፍርድ ደጉን አሠሪ ይቀጣዋል፤ ክፉውን ይሸልመዋል። ኢንዱስትሪ እንዲስፋፋ የምንመኝ ሰዎች ይህን ልንረሳው አይገባም። የመጣው ባለሀብት የሚያምነው አገር ውል የሚፈጸምበት አገር ነው፤ ለዘበኛው የማይፈጸም ፍርድ ነገ ለባለሀብቱም አይፈጸምለትም።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤትም አሠሪ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ክርክር ገጥሞ ሲረታ «በጀት አልተያዘም» የሚል መልስ መስጠት ለግል አሠሪው መጥፎ ትምህርት ነው። መንግሥት ራሱ ለፍርድ ሲታዘዝ የታየ እንደ ሆነ ሌላውን ለማዘዝ ፊቱ አያፍርም።

ለሠራተኛውም የምንለው አለን። መብት በጊዜ ካልተጠየቀ በይርጋ ይቀራል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ በ3 ወር፥ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ሕጉ አይሰማውም። ስለዚህ የሠራበትን ቀን በደብተር መጻፍ፥ የደመወዝ መቀበያውን ወረቀት ማስቀመጥ፥ የድርጅቱን ትክክለኛ ስምና የንግድ ፈቃድ ቁጥር ማወቅ፥ ከተቻለም በማኅበር መደራጀት ጠቃሚ ነው። ማኅበር ያለው ሠራተኛ የአሠሪውን ንብረት ብቻውን አያፈላልግም።

እናንተ የሕግ ተማሪዎች ደግሞ በዚህ ሥራ ድርሻ አላችሁ። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ለድኻው ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ። ይህ ምክር ክስ ጽፎ በመስጠት ብቻ ባይቆም፥ እስከ አፈጻጸሙ ፍጻሜ ቢከተል እንዴት መልካም ነበር። በመጽሐፍ የተማርነውን ሕግ በወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ብናየው፥ አንድ ዓመት በክፍል ውስጥ የማንማረውን በአንድ ወር እንማራለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግም ተማሪ አንድ ወረዳ መርጦ የሠራተኛ ፍርዶችን ከተሰጡበት ቀን እስከ ተፈጸሙበት ቀን ድረስ ቢቆጥር ለአገሩ የሚጠቅም ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ወጣቶች የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ! ብዙዎቻችን ዳኞች አይደለንም፤ ፍርድ የመስጠት ሥልጣን የለንም። ነገር ግን የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ የሚመጣው ወደ እኛ ጠረጴዛ ነው። በማዘጋጃ ቤት የቤቱን መዝገብ የምናገላብጠው፥ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመኪናውን ፋይል የምናወጣው፥ በንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን የምናድሰው፥ በባንክ መስኮት የምንቀመጠው እኛ ነን። አንድ ሰው ያንን ደብዳቤ ይዞ በመስኮታችን ሲቆም፥ የያዘው ልመና ሳይሆን ፍርድ መሆኑን እናስታውስ። መልሱን ለመስጠት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሳይመለስ የሚያድረው ደብዳቤ ግን የአንድ ሰው ደመወዝ ነው፤ ዛሬ ተመልሶለት ወደ አገሩ ይግባ።